የማያርፈው የሴል ሽፋን

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የወባ ወቅት ይጀምራል። በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በቆቃ፣ በባቱ የጤና ጣቢያዎች ላብራቶሪ ደጃፍ ላይ ወረፋው ይረዝማል። ባለሙያዋ የታማሚውን ጣት ወጋ አድርጋ አንድ ጠብታ ደም በስላይድ ላይ በስሱ ትቀባለች፤ ታደርቀዋለች፤ በጊምሳ ቀለም ታቀልመዋለች፤ ከዚያም ማይክሮስኮፑ ላይ አቀርቅራ ተውሳኩን ትፈልጋለች። በዚያ ስላይድ ላይ ያሉት ቀይ የደም ሴሎች ደርቀው የተጣበቁ ናቸውና ንቅንቅ አይሉም።

ያው ደም ሳይደርቅና ሳይቀለም በትኩሱ ቢታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የእያንዳንዱ ሴል ጠርዝ ይርገበገባል። ነፋስ የሚያውለበልበው የድንኳን ሸራ ይመስላል፤ ነገር ግን ነፋስ የለም፣ ስላይዱንም የነካው ሰው የለም። ሴሉ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ ሽፋኑ ብቻ ይንዘፈዘፋል። ይህ መርገብገብ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። አንዳንዶች ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው ይሉ ነበር። በ1975 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ፍራንሷዝ ብሮሻርና ሌኖን የተባሉ ተመራማሪዎች በፈረንሳይ ሆነው የመርገብገቡን መጠንና ፍጥነት አስልተው፣ ሙቀት ብቻውን ሊያስከትለው እንደሚችል አሳዩ።

ሙቀት ማለት በመሠረቱ እንቅስቃሴ ነው። በጽዋ ውስጥ ረግቶ የሚታየን ውኃ ሞለኪውሎቹ ሳያቋርጡ ይራወጣሉ፣ ይጋጫሉ። በዚህ ትርምስ መካከል ያለ ቀጭን ነገር ሁሉ ከግራም ከቀኝም ይጎሸማል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ምሁር ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ ከተመራመሩባቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነው፤ በእንዲህ ያለ የሙቀት ትርምስ ውስጥ የሚሠሩ እጅግ ጥቃቅን ሞተሮች ምን ያህል ሥራ ሊሠሩ እንደሚችሉ በስሌት መርምረዋል። ስለዚህ ስለ ሴል ሽፋን ንዝረት ስናወራ ከአገራችን ሳይንስ የራቀ ነገር እያወራን አይደለም።

ሽፋኑ ምን ያህል ቀጭን ነው? 5 ናኖ ሜትር ገደማ። 200,000 ሽፋኖች ቢደራረቡ ውፍረታቸው አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። መሠረቱም ስብ ነው። እያንዳንዱ የስብ ሞለኪውል ውኃ የሚወድ አንድ ራስና ውኃ የሚሸሹ ሁለት ጅራቶች አሉት። ሞለኪውሎቹ በሁለት ረድፍ ይሰለፋሉ፤ ራሶቹ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ወዳለው ውኃ ዞረው፣ ጅራቶቹ መሃል ላይ ፊት ለፊት ተገናኝተው ይቀመጣሉ። በዚህ የስብ ንጣፍ መካከል ፕሮቲኖች ተሰክተዋል፤ ምግብ የሚያስገቡ፣ ቆሻሻ የሚያስወጡ፣ መልእክት የሚቀበሉ በሮች ናቸው።

የሽፋኑን ጠባይ ለመረዳት ማጀት ገብቶ ሁለት ዕቃ ማየት ይበቃል፤ የቅቤ ጣሳና የኑግ ዘይት ጠርሙስ። ሁለቱም ስብ ናቸው። ቅቤው ደብረ ብርሃን ላይ በማንኪያ ለመፈንቀል ያታግላል፤ አዳማ ላይ በግንቦት ወበቅ ይለሰልሳል፤ መተሐራ ከደረሰማ ይቀልጣል። የኑግ ዘይቱ ግን ደብረ ብርሃንም ሆነ መተሐራ ያው ፈሳሽ ነው። ልዩነቱ ያለው በጅራቶቹ ቅርጽ ላይ ነው። የቅቤ ጅራቶች በአብዛኛው ቀጥ ያሉ ናቸው፤ እንደ አጠና ተጠጋግተው ይደረደራሉ፣ ስለዚህ ይጠጥራሉ። የኑግ ዘይት ጅራቶች ደግሞ በየመሃሉ ይታጠፋሉ። ከሸለቆው ግራር የተቆረጡ ጠማማ ቅርንጫፎች እንደ አጠና ተገጣጥመው እንደማይከመሩ ሁሉ፣ የታጠፉ ጅራቶችም ስለማይጠጋጉ እንደ ልባቸው ይንቀሳቀሳሉ። ሴል ሁለቱንም ዓይነት ስብ ይቀላቅላል፣ ኮሌስትሮልም ይጨምርበታል። ሽፋኑ እንደ ቀዘቀዘ ቅቤ ቢደርቅ በሮቹ ይታነቃሉ፤ እንደ ዘይት ቢፈስ ደግሞ ሴሉ ይበተናል። በመሃል ያለውን ልስላሴ መጠበቅ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ይህ ልስላሴ በሽፋኑ ንዝረት ይነበባል፤ ችግሩ ንዝረቱ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። በማይክሮስኮፕ የሚታየው የጠርዙ መርገብገብ ዝግተኛው ነው፤ በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ወይም በአሥሮች የሚቆጠር ጊዜ ይወዛወዛል፣ ከፍ ዝቅ የሚለውም በአሥሮች ናኖ ሜትር ነው። ከሱ በታች በሴሉ ውስጥ እንደ ድምፅ የሚያልፉ ሞገዶች አሉ፤ እነዚህ በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ይርገበገባሉ። ከሁሉም ሥር፣ በስቡ ጅራት ላይ ካርቦንና ሃይድሮጅን የተያያዙባቸው ማሰሪያዎች አሉ፤ በሰከንድ 85 ትሪሊዮን ጊዜ ያህል ይሳባሉ፣ ይሰበሰባሉ። አንዱ ዙር የሚፈጀው 12 ፌምቶ ሰከንድ ገደማ ነው።

ፌምቶ ሰከንድ ምን ያህል አጭር ነው? የአንድ ሰከንድ አንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ ነው ቢባል ለአእምሮ አይጨበጥም። በአገራችን ምድር ልመስለው። የኢትዮጵያን ከፍተኛ ቦታዎች የሸፈነው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፈስሶ የረጋው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ አዳማ የተቀመጠችበት ሸለቆ የተከፈተው ከዚያ ወዲህ ነው። ያንን ዘመን በሙሉ በአንድ ሰከንድ ብንመስለው፣ ፌምቶ ሰከንድ በዚያ ውስጥ አንዲት የልብ ምት ናት።

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ሲቃረቡ ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ይታያሉ። በመጀመሪያው ምዕራፍ 34፣ በሁለተኛው 102 ተተክለዋል፤ በጠቅላላው 204 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። አመሻሹ ላይ፣ ብርሃን ሲያንስ በስልክዎ ፎቶ ቢያነሷቸው ማማው ጥርት ብሎ ሲወጣ ክንፉ ግን ደብዝዞ ይወጣል። ካሜራው ዓይኑን ገልጦ በቆየባት ቅጽበት ክንፉ ቦታ ቀይሯልና። ክንፉን አቁሞ ለማየት ቅጽበቷ ከክንፉ እንቅስቃሴ ማጠር አለባት። ለስቡ ማሰሪያም ሕጉ ያው ነው፤ ልዩነቱ በ12 ፌምቶ ሰከንድ አንዴ የሚወዛወዝን ነገር የሚቀድም የካሜራ መዝጊያ በዓለም ላይ አለመኖሩ ነው። ያን ያህል አጭር ሊሆን የሚችለው የብርሃን ብልጭታ ራሱ ነው። ፈጣን ሌዘር የሚባለው መሣሪያ ይህንን ይሠራል፤ ብርሃኑን ሳያቋርጥ ከማፍሰስ ይልቅ በጥቂት፣ በአሥሮች ወይም በመቶዎች ፌምቶ ሰከንድ ርዝመት ባላቸው ብልጭታዎች እየቆራረጠ ይሰጣል።

እዚህ ላይ አንድ አፍሪካዊ መነሳት አለበት። አሕመድ ዘወይል በ1946 በግብፅ ደመንሁር ከተማ ተወልዶ፣ በአሌክሳንድሪያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያስተምር ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ የኬሚካል ማሰሪያ ሲበጠስ በፌምቶ ሰከንድ ብልጭታ ደረጃ በደረጃ ለማየት በቃ፤ በ1999 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ብቻውን ወሰደ። እሱ የተጠቀመበት ዘዴ ዛሬም የመስኩ መሠረት ነው። አንዱ ብልጭታ ሞለኪውሉን ይቀሰቅሰዋል፤ ተከታዩ ደግሞ ደርሶ ምን ላይ እንዳለ ያየዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ እየተቀያየረ ሙከራው ሺህ ጊዜ ሲደጋገም፣ ምስሎቹ ተቀጣጥለው እንደ ፊልም ይሆናሉ።

ታዲያ በሁለቱ ብልጭታዎች መካከል ያለውን ጊዜ የሚለካው ምን ሰዓት ነው? መልሱ መስታወት ነው። አንዱን የሌዘር ብልጭታ ለሁለት ይከፍሉትና አንደኛውን ወደ መስታወት ልከው ያስመልሱታል። መስታወቱን በ15 ማይክሮ ሜትር ቢያርቁት፣ ማለትም የአንድ ፀጉር ውፍረት አምስተኛ ያህል፣ ብርሃኑ ሄዶ ሲመለስ መንገዱ በ30 ማይክሮ ሜትር ይረዝምበታል፤ ይኸውም 100 ፌምቶ ሰከንድ ያዘገየዋል። ይህን ያህል ፈጣን ክስተት የሚለካው እንግዲህ መስታወት በማንፏቀቅ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ።

ወደ ሽፋኑ እንመለስ። የድምፁን ሞገድ ለማጥናት፣ በእንግሊዝ ኖቲንግሃምና በፈረንሳይ ቦርዶ ያሉ ቡድኖች ሴሉን እጅግ ስስ በሆነ የብረት ንጣፍ ላይ ያስቀምጡታል። የመጀመሪያው ብልጭታ ንጣፉን ይመታዋል፤ ብረቱ በቅጽበት ሞቆ ሲለጠጥ ወደ ሴሉ ድምፅ ይልካል። ሁለተኛው ብልጭታ ያ ድምፅ በሽፋኑና በሴሉ ውስጥ ሲያልፍ ይከተለዋል። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሰከንድ እስከ 20,000 ንዝረት ድረስ ነው፤ ይህ በሴሉ ውስጥ የሚያልፈው ድምፅ ግን በሰከንድ 5 ቢሊዮን ገደማ ነው። ድምፅ በጠጣር ነገር ውስጥ ይፈጥናል፣ በልስልስ ውስጥ ይዘገያል። ስለዚህ ከድምፁ ፍጥነት የሴሉ ጥንካሬ ይታወቃል፤ ሴሉን በመርፌ ሳይነኩ፣ ቀለምም ሳያጠጡ። እናቶቻችን ሐብሐብ ሲገዙ በጣት ኳኳ አድርገው ድምፁን እንደሚያዳምጡት ነው።

የማሰሪያዎቹን ንዝረት ለማየት ደግሞ ሌላ ብልሃት ያስፈልጋል፤ ይህንን ክራር የቃኘ ሰው ቶሎ ይረዳዋል። ሁለት ክሮች እኩል ከተቃኙ አንዱ ሲመታ ሌላው ሳይነካ ይንዘረዘራል። ተመራማሪዎቹም ሁለት ቀለም ያላቸው የሌዘር ብልጭታዎችን በአንድ ላይ ይልካሉ፤ የሁለቱ ቀለማት የንዝረት ልዩነት በትክክል 85 ትሪሊዮን እንዲሆን አድርገው ይቃኙታል። ያኔ በዚያ ነጥብ ላይ ስብ ካለ ማሰሪያዎቹ አብረው ይነቃሉ፤ ከአንዱ ብልጭታ ጥቂት ጉልበት ወደ ሌላው ይሻገራል፤ መሣሪያው ያቺን ጥቂት ለውጥ ያነባል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሰኒ ሺዬ ቡድን በ2008 ይህን ዘዴ በማይክሮስኮፕ ላይ አውሎ ሕያው ሴሎችን ያለ አንዳች ቀለም አሳየ። አንድን የተለየ ስብ ለመከታተል ሲፈለግ ደግሞ በሃይድሮጅኑ ቦታ ከባዱን ሃይድሮጅን፣ ዲዩተሪየምን ይተኩበታል። የክራር ክር ሲወፍር ድምፁ እንደሚወርድ፣ የማሰሪያውም ንዝረት ወደ 63 ትሪሊዮን ይወርዳል፤ እዚያ ደረጃ ላይ በሴሉ ውስጥ ሌላ የሚጮህ ነገር ስለሌለ ምልክቱ ለብቻው ጎልቶ ይታያል።

ቅቤው እዚህ ላይ ይመለሳል። የስቡ ጅራቶች እንደ አጠና ተደርድረው ሳሉ የሚሰጡት ንዝረትና ቀልጠው ሲወላገዱ የሚሰጡት ንዝረት አንድ አይደለም፤ ልዩነቱ ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ነው። ኢምንት ናት፤ ሌዘሩ ግን ለይቶ ያነባታል። በላብራቶሪ በብዛት የሚጠና ዲፒፒሲ የሚባል የሽፋን ስብ አለ፤ በሳንባችንም ውስጥ ይገኛል። ለብቻው ሲሆን በ41 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የከባድ ትኩሳት ሙቀት ማለት ነው። የእኛ ሴሎች ሽፋን ግን ብዙ ዓይነት ስብና ኮሌስትሮል የተቀላቀለበት ስለሆነ እንዲህ በአንዴ አይቀልጥም። በላብራቶሪ በአንድ ስብ ላይ የታየን ነገር በቀጥታ ወደ ሰው ገላ መውሰድ ስህተት ነው።

ይህ ሁሉ ብርታት ያለው ብልጭታ ሴሉን አያቃጥለውም ወይ? ተገቢ ጥያቄ ነው። አንድ የተለመደ ፈጣን ሌዘር በሰከንድ 80 ሚሊዮን ብልጭታ ይሰጣል፤ የእያንዳንዱ ርዝመት 100 ፌምቶ ሰከንድ ነው ብንል፣ ሌዘሩ ለ11 ቀን ተኩል ቢሠራ በእርግጥ የበራባቸው ጊዜያት ተደምረው 8 ሰከንድ ብቻ ናቸው። ሴሉ በየመሃሉ ያርፋል። ቀይ የደም ሴል ግን አስቸጋሪ ነው፤ ቀይ ያደረገው ሄሞግሎቢን ብርሃንን ስለሚውጥ ቶሎ ይሞቃል።

የቀይ የደም ሴልን ነገር ካነሳን ዘንዳ ወደ ወባ መመለስ ግድ ነው። ቀይ የደም ሴል ስፋቱ 8 ማይክሮ ሜትር ገደማ ሆኖ ሳለ ከሱ በሚጠቡ የደም ሥሮች ውስጥ ተጣጥፎ ያልፋል፤ በጣፊያ ውስጥ ደግሞ ከዚያም በጠበቡ ስንጥቆች ይሾልካል። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ተውሳክ ሴሉ ውስጥ ሲያድግ ሽፋኑን ያጠጥረዋል፤ መርገብገቡም ይቀንሳል። የጠጠረው ሴል የደም ሥር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ መንገድ ይዘጋል፤ አንጎል ውስጥ ሲሆን ይገድላል። ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው ተውሳክ በተቃራኒው ሴሉን ያለሰልሰዋል። በአገራችን ሁለቱም አሉ።

በ2020 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት በዚህ ረገድ ትልቅ ነገር አሳይቷል። በኬንያ ኪሊፊ አንዳንድ ልጆች ዳንቱ የሚባል ብርቅ የደም ዓይነት አላቸው፤ ከባድ ወባ እምብዛም አይዛቸውም። የኪሊፊና የካምብሪጅ ተመራማሪዎች የ42 ጤነኛ ልጆችን ደም ወስደው የቀይ ሴሎቹን ጠርዝ መርገብገብ በካሜራ ቀርጸው አሰሉት። የዳንቱ ልጆች ሽፋን ይበልጥ የተወጠረ ሆኖ ተገኘ፤ ተውሳኩ የተወጠረውን ሽፋን ገፍቶ መግባት ያቅተዋል። ንዝረትን ማንበብ ለሕይወትና ለሞት ጥያቄ መልስ ሰጠ። ልብ ይበሉ፣ ያን ጥናት የሠራው የሚሊዮን ብር ሌዘር ሳይሆን ማይክሮስኮፕ፣ ፈጣን ካሜራና ጥሩ ስሌት ነው።

ፈጣኑ ሌዘር ለወባ በቀጥታ የሚረዳው በሌላ በኩል ነው። ተውሳኩ ሄሞግሎቢንን በልቶ ሲጨርስ ሄሞዞይን የሚባል ጥቁር ብናኝ ይተዋል። በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 እንዳሳዩት፣ የፌምቶ ሰከንድ ሌዘር ሲያርፍበት ይህ ብናኝ ሦስት የማይታዩ ብርሃኖችን አጣምሮ በአንድ ደማቅ ብርሃን ይመልሳቸዋል፤ በጨለማ ሜዳ ላይ እንደ ክብሪት ይታያል። ይህ ለኢትዮጵያ ተራ ነገር አይደለም። በየጤና ኬላው ስንጠቀምበት የቆየነው ፈጣን የወባ መመርመሪያ አንድ የተወሰነ የተውሳኩን ፕሮቲን የሚፈልግ ነበር። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከ12,000 በላይ ሰዎች ተመርምረው በ2021 የወጣ ጥናት፣ ያንን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረ መል የጣሉ ተውሳኮች እንዳሉና በዚያ መመርመሪያ ብቻ ቢታይ ከፋልሲፓረም ታማሚዎች ወደ 10 በመቶ የሚጠጉት ሊያመልጡ እንደሚችሉ አሳይቷል። ተውሳኩ ፕሮቲኑን ሊጥል ይችላል፤ የበላውን ሄሞግሎቢን ግን የሆነ ቦታ ማራገፍ አለበት።

እነዚህን መሣሪያዎች አዳማ ላይ መትከል ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ፌምቶ ሰከንድ ሌዘር አቧራ የሌለበት፣ ሙቀቱ የማይዋዥቅ ክፍል ይፈልጋል፤ መብራት እንዲቆራረጥበት አይወድም፤ የሚቀመጥበትም ጠረጴዛ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ እንዳይነቃነቅ በአየር ላይ የተንሳፈፈ መሆን አለበት። ቀንና ሌሊት የጅቡቲ መኪኖች የሚያልፉባት፣ ነፋስና አቧራ የማይለያት ከተማ ናት አዳማ። የመርገብገብ ጥናቱ ግን ዛሬውኑ ሊጀመር የሚችል ነው። በከተማዋ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ አለ። ማይክሮስኮፕ፣ ጥሩ ካሜራ፣ ኮምፒዩተርና ስሌት የሚወድ ተማሪ ከተገናኙ፣ የፋልሲፓረምና የቫይቫክስ ሴሎች በእኛ ሰው ደም ውስጥ እንዴት እንደሚርገበገቡ መለካት ይቻላል። ሁለቱ ተውሳኮች ጎን ለጎን የሚገኙበት አገር በአፍሪካ ብዙ አይደለም። ጥያቄው በደጃችን ያለ ነው፤ ሌላ ሰው መጥቶ እስኪመልሰው መጠበቅ አይገባንም እላለሁ። የዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ መምህራንና የኮሌጁ ሐኪሞች ይህን አብረው እንዲያስቡበት እማጠናለሁ።

ለእርስዎ ለአንባቢው ግን ሌዘሩ ዛሬ የሚመረምርዎት አይደለም። በቆቃ ግድብ ዙሪያ የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት ለውኃው በቀረቡ መንደሮች ወባ ይበዛል፤ እዚያ አካባቢ የሚኖሩ ወይም ሰንብተው የተመለሱ ከሆነ፣ ትኩሳት ከጀመረዎ 24 ሰዓት ሳይሞላ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ፈጣኑ መመርመሪያ የለብዎትም ብሎ ትኩሳቱ ካልለቀቀዎ፣ ደምዎ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ይጠይቁ።